አባቴ የቡናውን ገንዘብ ሊሰጠኝ ነው፤ ፌስቡክን የሚገዳደር መረብ ልሥራበት?

ጥያቄ፦

«በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ አሁን እዚሁ ጅማ በአንድ የግል መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ሆነን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚሠራ የማኅበራዊ ትስስር መተግበሪያ ሠርተናል። ማስታወቂያ የለበትም፤ ዳታ አይበላም፤ ኔትወርክ ሲደክምም ቶሎ ይከፈታል። በለቀቅነው በመጀመሪያው ወር ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከባሕር ዳርም ሳይቀር ከሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ፤ አሁን ግን በየቀኑ የሚገባው ከሠላሳ አይበልጥም። ጓደኞቼ ሥራችንን ለቅቀን ሙሉ ጊዜያችንን ብንሰጠው ይነሣል ይላሉ። አባቴም የዘንድሮውን የቡና ሽያጭ ገንዘብ ሊሰጠኝ ፈቅዷል። ፌስቡክንስ የጀመሩት ተማሪዎች አይደሉም? አዲስ መረብ የቆየውን መገዳደር ይችላል ወይስ በከንቱ እየደከምን ነው? እንደ ታላቅ እህት ምከሪኝ።»

ከፈረንጅ አራዳ፣ ጅማ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

አዲስ መረብ የቆየውን ሊገዳደር ይችላል፤ ተደርጎም ያውቃል። ነገር ግን እናንተ በያዛችሁት መንገድ፣ ማለትም የቆየው የሚሠራውን ያንኑ ሥራ በተሻለ ጥራት ሠርቶ ሰው ሁሉ እንዲዛወር በመጠበቅ፣ የሚሆን አይመስለኝም። አባትሽን የሚያህል ሰው በጉዳዩ ውስጥ ስላለበት ይህን በግልጽ መናገር ግዴታዬ ነው።

መተግበሪያችሁ ፈጣንና ቀላል መሆኑን አልጠራጠርም። ሆኖም ሰው ወደ ማኅበራዊ መረብ የሚገባው ለመተግበሪያው ብሎ ሳይሆን እዚያ ለሚያገኘው ሰው ብሎ ነው። የጅማ ልጅ ነሽና በሂርማታ ገበያ ላስረዳሽ። ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ስሙ የታወቀው የሂርማታ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ ሻጩን የሚስበው ገዢው ስለሚመጣ ነው፤ ገዢውን የሚስበውም ሻጩ ስለሚመጣ ነው። አንድ ባለሀብት ከከተማው ወጣ ብሎ ጭቃ የሌለበት፣ ጥላ ያለው፣ ኪራዩም የረከሰ ገበያ ቢሠራ በመጀመሪያው ሐሙስ ብዙ ሰው ሊያየው ይሄዳል፤ የሚፈልገውን ሻጭ ወይም ገዢ ካጣ ግን በሚቀጥለው ሐሙስ ወደ ሂርማታ ይመለሳል። የእናንተም ሺህ ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ገቡ፣ አዩ፣ የሚያውቁትን ሰው አጡ፣ ወጡ።

ነገሩን በቁጥርም ማየት ይቻላል። አሥር ሰዎች ሁሉም ከሁሉም ጋር ቢተዋወቁ በመካከላቸው 45 ግንኙነቶች ይኖራሉ፤ መቶ ሰዎች ቢሆኑ ደግሞ ግንኙነቱ 4,950 ይደርሳል። የመረብ ዋጋ ከሰዎቹ ቁጥር እጅግ ፈጥኖ ያድጋል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የቆየውን መረብ ከሚጠብቁት አጥሮችም ዋነኛው ይህ ነው። ነገር ግን ስሌቱ የሚሠራው ሰዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ጉዳይ ካላቸው ብቻ መሆኑን ብዙዎች ይዘነጉታል። በአምስት ከተማ የተበተኑና የማይተዋወቁ ሺህ ሰዎች በመካከላቸው ያላቸው ግንኙነት ወደ ምንም የቀረበ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ክፍል የሚማሩ አርባ ተማሪዎች ግን ሙሉ መረብ ናቸው።

ፌስቡክን ተማሪዎች መጀመራቸው እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ከተማሪነታቸው ይልቅ አጀማመራቸውን መመልከት ይበጃል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2004 ሲከፈት የሃርቫርድ ኢሜይል የሌለው ሰው መመዝገብ አይችልም ነበር (ከዚህ በኋላ ከምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ያልሁባቸው በአገራችን አቆጣጠር ሲሆኑ ሌሎቹ የአውሮፓውያን ናቸው)። በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ከግቢው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስለገቡ ማንኛውም ተማሪ መረቡን ሲከፍት የክፍሉን ልጅ፣ የዶርሙን ጎረቤት፣ ትናንት በካፌ ያያትን ልጅ እዚያ ያገኝ ነበር። ከዚያ ወደ ኮሎምቢያ፣ ወደ ስታንፎርድና ወደ ዬል ተሻገረ። ዕድሜው 13 ዓመት ለሞላ ሁሉ የተከፈተው በሴፕቴምበር 2006 ነው፤ ያን ጊዜ በየግቢው የሠረጸ መረብ ሆኖ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ገናና የነበረው ማይስፔስ ሲሆን ፌስቡክ ማንንም ተማሪ «ማይስፔስን ትተህ ና» ማለት አላስፈለገውም፤ የሰጠው ማይስፔስ የማይሰጠውን ነገር ነበርና። እናንተ ግን በመጀመሪያው ቀን በሩን ለአገሩ ሁሉ ከፈታችሁ። ይህ ስንፍና ሳይሆን ጉጉት እንደሆነ ይገባኛል፤ ለሠላሳው ቁጥር ዋናው ምክንያት ግን እሱ ይመስለኛል።

ጓደኞችሽ ሙሉ ጊዜና ገንዘብ ቢጨመርበት ይነሣል የሚሉትን በተመለከተ የጉግል ፕላስን ታሪክ በደንብ ብታጤኑት እወዳለሁ። ጉግል ይህን መረብ በጁን 2011 ሲከፍት የኢንተርኔት ፍለጋው፣ ጂሜይልና ዩቲዩብ በእጁ ነበሩ፤ የገንዘብም የመሐንዲስም እጥረት አልነበረበትም። በዩቲዩብ ላይ አስተያየት ለመጻፍ የጉግል ፕላስ አካውንት የሚጠየቅበት ጊዜ እንኳ ነበር። በዚህ ሁሉ ሰዎችን ማስመዝገብ ቢችልም ማቆየት አልቻለም፤ በ2018 ድርጅቱ ራሱ እንዳመነው ሰዎች ወደ መረቡ ከገቡባቸው ጊዜያት ውስጥ 90 በመቶዎቹ ከአምስት ሰከንድ በታች የሚቆዩ ነበሩ። በኤፕሪል 2019 ለተራው ተጠቃሚ ተዘጋ። ጉግልን ያህል ድርጅት በገንዘብ ያልገዛውን ነገር አባትሽ በአንድ ዓመት የቡና ሽያጭ ሊገዛልሽ አይችልም።

የቆዩ መረቦች አይወድቁም ማለቴ ግን አይደለም። ፍሬንድስተር ከፌስቡክ በፊት የነበረ ሲሆን ሰው ሲበዛበት ገጹ ለመከፈት እጅግ እየዘገየ ሰዉን አማረረው። ማይስፔስ በ2005 ለኒውስ ኮርፖሬሽን በ580 ሚሊዮን ዶላር ተሽጦ በ2011 በ35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መልሶ ተሸጠ። ሁለቱም ሲዳከሙ ሰው የሚሄድበት ሌላ ቦታ በአቅራቢያው ዝግጁ ነበር። ስለዚህ የቆየው መረብ ውድቀት ለአዲሱ ዕድል የሚሆነው አዲሱ አስቀድሞ በሆነ ቦታ ሥር ከሰደደ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ግዙፎች ግን ከዚህ ታሪክ ተምረዋል። ፌስቡክ ኢንስታግራምን በ2012 በአንድ ቢሊዮን ዶላር፣ ዋትስአፕን በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ዋጋ ገዛ። ስናፕቻት አልሸጥም ባለ ጊዜ ደግሞ በ24 ሰዓት የሚጠፋውን የስናፕቻት «ስቶሪ» ኢንስታግራም በ2016 አምጥቶ የራሱ አደረገው። እናንተ ነገ አንድ ጥሩ ገጽታ ብትፈጥሩና ብዙ ሰው ቢወድደው ሌሎቹ ለመቅዳት ብዙ ጊዜ አይፈጅባቸውም። ሊቀዱት የማይችሉት አንድ ነገር ቢኖር በአንድ ጉዳይ የተሰበሰበና እርስ በርስ የሚተማመን ሕዝብ ነው።

ከውጭ አገሩ ታሪክ ይልቅ የራሳችን ይበልጥ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ፌስቡክን፣ ትዊተርንና ዋትስአፕን የሚተካ አገር በቀል መረብ እየተሠራ መሆኑን አስታውቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሕዝቡ ፌስቡክን ትቶ የሄደበት አገር በቀል መረብ የለም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገሪቱ ተገድበው እስከ ሐምሌ ድረስ ቆዩ። ለአምስት ወር ያህል በሩ ሲዘጋ የሰዉ ምርጫ ምን እንደነበረ አንቺም ታስታውሺዋለሽ፤ ብዙው ሰው ቪፒኤን አውርዶ ወደዚያው ወደ ለመደው ቦታ ተመለሰ። ለአዲስ መረብ ከዚያ የተሻለ አጋጣሚ ይመጣል ብዬ አልገምትም፤ ያም ሆኖ ሰው ስልኩ እየዘገየ፣ ባትሪውና ዳታው እያለቀ፣ ወዳጆቹ ባሉበት መቆየትን መረጠ።

በሌላ በኩል ቴሌግራም እንዴት እንደገባን አስቢ። ቴሌግራም በ2013 ሲጀመር ፌስቡክ በአገራችን ሥር ሰድዶ ነበር፤ ዛሬ ግን በጅማ የትምህርት ማስታወሻ የሚለዋወጠው ተማሪም፣ ጫማና ልብስ የሚያስተዋውቀው ነጋዴም ከቴሌግራም አይጠፋም። የገባው ፌስቡክን በመተካት ሳይሆን ትልልቅ ፋይል በመላክ፣ በደካማ ኔትወርክ በመሥራትና ቻናል በመክፈት ነው። ሰው ሁለቱንም በስልኩ ይዞ ለየጉዳዩ ይጠቀምባቸዋል። ሊንክድኢንም በ2003 ተጀምሮ ከፌስቡክ ጎን ለጎን የኖረው የሥራ ጉዳይን ለብቻው ስለያዘ ነው። ስለ ቲክቶክ ብዙ አልልም፤ ጓደኛ ሳይኖርሽም የሚያይሽን ሰው ያገኝልሻል፣ ይህ ግን እጅግ ብዙ ቪዲዮና እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ መንገድ ስለሆነ ለሦስት ሰዎች አይሆንም።

መተግበሪያው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ መሥራቱ ደስ አሰኝቶኛል፤ መቅረትም የለበትም። ነገር ግን ሰው በፌስቡክና በቴሌግራም ላይ በሁለቱም ቋንቋዎች በነፃነት ስለሚጽፍ ቋንቋ ብቻውን ሰውን አያዛውርም። በሩሲያ ቪኮንታክቴ በ2006፣ በኮሪያ ካካኦቶክ በ2010 ተጀምረው የአገራቸውን ሕዝብ መያዛቸው ብዙ ጊዜ እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል፤ ሁለቱም ግን የገቡት የውጭዎቹ በእነዚያ አገሮች ሥር ከመስደዳቸው አስቀድሞ ነው። እኛ ጋ ያ ጊዜ አልፏል።

እንግዲህ ምን ላድርግ ትዪኛለሽ። መጀመሪያ ስለ ሺሁ ማሰብ ትታችሁ ሠላሳውን አንድ በአንድ ዕወቋቸው። እነማን ናቸው? ሲገቡ ምን ያደርጋሉ? እርስ በርስ ይተዋወቃሉ? ከመካከላቸው አሥራ አምስቱ የአንድ ግቢ ተማሪዎች ሆነው ከተገኙ ጅማሬያችሁ እዚያ አለ ማለት ነው። ሠላሳው በአገሩ የተበተኑና ለእናንተ ይሉኝታ ብለው የሚገቡ ወዳጆች ከሆኑ ግን ያንንም አውቃችሁ ማመን አለባችሁ።

ከዚያ በሩን አጥብቡት። ለምሳሌ የዩኒቨርሲቲውን የኪቶ ፉርዲሳ ግቢ፣ ከግቢውም አንድ ትምህርት ክፍልን ብቻ ይዛችሁ ከክፍሉ ተማሪዎች አብዛኛው እስኪገባ ድረስ ወደ ሌላ አትሻገሩ። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚስበኝ ግን የአባትሽ ሥራ ነው። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እሸት ቡና ሲለቀም በጎማ፣ በማና፣ በሊሙ ኮሳና በጌራ ያለው አምራች ዛሬ የትኛው ማጠቢያ ጣቢያ በስንት እንደሚገዛ ማወቅ ይፈልጋል። አቅራቢው በየትኛው ቀበሌ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) እንዳለ ማወቅ ይፈልጋል። ማኅበራቱም ጭነት አጋርቶ የሚሄድ መኪና ይፈልጋሉ። ይህ ወሬ ዛሬ በስልክ፣ በሰው አፍና በቴሌግራም ግሩፖች ይዞራል፤ በግሩፖቹ ግን የትናንቱ ዋጋ ከዛሬው ጋር ይደባለቃል፣ የጻፈው ሰው እውነተኛ ገዢ ይሁን ተራ አውሪ አይለይም፣ ባለፈው ሳምንት የተባለውንም ማግኘት አይቻልም። ዋጋውን በቦታና በቀን ለይቶ የሚያሳይ፣ የተናጋሪውን ማንነት ማኅበሩ የሚያረጋግጥበት መረብ ብትሠሩ ቴሌግራም የማይሰጠውን ነገር ሰጣችሁ ማለት ነው።

ለዚህም ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ብዙ አምራቾች የሚይዙት የቁልፍ ስልክ ስለሆነ ዋጋው በአጭር የጽሑፍ መልእክት፣ በአፋን ኦሮሞ መድረስ ይኖርበታል፤ ባለ ስማርት ስልክ የሆነውን የማኅበር ጸሐፊ ወይም የአምራቹን ልጅ መነሻ ማድረግም ይቻላል። የቡና ግብይት ደግሞ በፈቃድና በሕግ የሚመራ በመሆኑ መረጃ ከማለዋወጥ አልፋችሁ ወደ ማገበያየት እንዳትገቡ የሚመለከተውን ቢሮ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አባትሽ ገንዘቡን ሳይሆን ጊዜውን ቢሰጥሽ፣ ማለትም ከሚያውቃቸው አምራቾችና አቅራቢዎች ጋር ቢያስቀምጥሽ፣ የበለጠ ትጠቀሚያለሽ። እኔ ብሆን ልመናዬ ይኸው ይሆን ነበር።

መለኪያችሁንም ቀይሩ። የተመዘገበው ሰው ብዛት ስለ ማስታወቂያችሁ እንጂ ስለ መረቡ አይናገርም። መቁጠር ያለባችሁ በዚህ ሳምንት ከገቡት ውስጥ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው በሚቀጥለው ሳምንት፣ ከዚያም በወሩ የተመለሱትን ነው። ከሃምሳ ሰዎች አርባው በየሳምንቱ የሚመለሱ ከሆነ፣ ለሁለት ቀን ሰርቨሩ ሲቋረጥም ደውለው የሚቆጡ ከሆነ፣ አንድ ነገር ይዛችኋል።

ትንሽ ሆኖ መጀመርን የምመክርበት ሌላም ምክንያት አለ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል በወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ጥቆማ ሲደርሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን ማንሣት ይጠበቅበታል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ሁሉ ኃላፊነት እንዳለበት ደንግጓል። ቀን ሌላ ሥራ ያላቸው ሦስት ሰዎች በሁለት ቋንቋ ከአገሩ ሁሉ የሚጻፈውን ሌሊት ከቀን ሊቆጣጠሩ አይችሉም። አንድ ክፉ ጽሑፍ በሰው ሕይወት ላይ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት በዚች አገር አይተናልና ይህን ነገር ቀለል አድርጋችሁ እንዳታዩት አደራ እላለሁ። ለሚተዋወቁ ሁለት መቶ ሰዎች ግን ሥርዓት ማስከበር ይቻላል።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። አትቀበዪው። የቡና ገንዘብ በዓመት አንድ ጊዜ የሚገባና እስከሚቀጥለው ለቀማ ቤቱን የሚያኖር ገንዘብ ነው፤ አዝመራው በማግሥቱ ዓመት ቢቀንስ መተኪያ የለውም። የውጭ አገር ሰርቨር ኪራይ ደግሞ በዶላር የሚከፈል ስለሆነ፣ የምንዛሪው ሥርዓት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተለወጠ በኋላ የብር ዋጋ ምን ያህል እንደወረደ እያየን፣ ዛሬ ለዓመት ይበቃል ያላችሁት ለመንፈቅ ላይበቃ ይችላል። ሥራሽንም አትልቀቂ። እስከዚህ የቡና ወቅት ማብቂያ፣ ማለትም እስከ ጥር፣ በትርፍ ጊዜያችሁ አንዱን ጠባብ መረብ ሞክሩት፤ ወጪውንም የሦስታችሁ ደመወዝ በሚችለው ልክ አድርጉት። በጥር ላይ የሚመለሱት ሰዎች በቁጥር ከጨመሩና ከእነሱ ጥቂቶቹ እንኳ ለአገልግሎቱ በቴሌብር ትንሽ ለመክፈል ከፈቀዱ ያን ጊዜ ሥራ ስለ መልቀቅ መነጋገር ይቻላል፤ ካልሆነም ሌላ ጉዳይ ትፈልጋላችሁ ወይም ታቆማላችሁ። ጓደኞችሽ በዚህ ባይስማሙ አትጣዪ፤ ማን ምን እንዳዋጣ፣ ኮዱም የማን እንደሆነ ከወዲሁ በጽሑፍ አድርጉት። የልብ ጓደኛሞች ስለሆናችሁ አያስፈልግም የሚልሽ ካለ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለዚያ ነው ብለሽ ንገሪው።

በመጨረሻ ስለተመዘገቡት ሺህ ሰዎች አንድ ነገር ላሳስብሽ። ስማቸውን፣ ስልክ ቁጥራቸውንና ፎቶግራፋቸውን አምነው ሰጥተዋችኋል። ጉግል ፕላስ ሲዘጋ ተጠቃሚዎቹ ፎቶና ጽሑፋቸውን እንዲያወርዱ አስቀድሞ ጊዜ ተሰጥቷቸው ነበር፤ እናንተም በሩን ስታጠብቡ ከጉዳዩ ውጭ ለሆኑት ሰዎች ምክንያቱን አስረድታችሁ ጻፉላቸው፤ የራሳቸውን እንዲወስዱ አንድ ወር ስጧቸው፣ ከዚያም መረጃቸውን ከሰርቨራችሁ አጥፉት። ይህን በዚሁ ሳምንት ልትጀምሩት ትችላላችሁ።